የዌብሳይታችሁ ሊብሬ በማን ስም ነው? ከመግዛት እስከ ማስተዋወቅ

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ፣ ድሬ በሙቀት ጭጭ ባለችበት ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ሐረር ጁገል ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው እናት ናቸው። «ልጄ፣ ዌብሳይቴ ውስጥ ቁማር ገብቷል» አሉኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ከፍቼ ሳየው እውነትም የግቢያቸው ፎቶ የለም፤ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰፌዶች የሉም። በቦታቸው በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈ የቁማር ማስታወቂያ ይብለጨለጫል።

ሳይቱን የሠራላቸው የሰፈር ልጅ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ተንኮልም የለበትም። ግን ስሙን፣ ማለትም ዶሜኑን፣ የገዛው በራሱ ኢሜይል ነው። ከዚያ ውጭ አገር ሄደ። ኢሜይሉን መክፈት ተወ። «ጊዜው ሊያልቅ ነው፣ ያድሱ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ማንም በማያየው ሳጥን ውስጥ ተከማቸ። ቀኑ አለፈና ሌላ ሰው አፈፍ አደረገው። ለማደስ የሚከፈለው ገንዘብ ከአንድ ሌሊት የክፍል ኪራይ አይበልጥም ነበር። አሁን ግን የቢዝነስ ካርዳቸው፣ የበሩ ታፔላ፣ እንግዶች በየአገራቸው የጻፉት አድራሻ ሁሉ ሰውን ወደ ቁማር ቤት ይልካል።

መኪና ስንገዛ ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ ሳናይ አንከፍልም። ዌብሳይት ላይ ሲሆን ግን ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ብዙ ሰው አላጋጠመኝም። ከታች ያለው መመሪያ ከሞላ ጎደል በዚሁ ጥያቄ ዙሪያ ይዞራል።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ ያስፈልጋችኋል?

የድሬው ታይዋን ገበያ ውስጥ ልብስ የምትሸጡ ከሆነ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለጊዜው ተዉት። ደንበኛችሁ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ነው። ሥራችሁን የሚያውቅ ሰው ዌብሳይት ከፍቶ ሸሚዝ አይመርጥም።

የሚያስፈልገው የማያውቃችሁ ሰው ከሩቅ ለሚፈልጋችሁ ነው። የእንግዳ ማረፊያ፣ አስጎብኚ፣ ቡና ላኪ፣ የጅቡቲ መስመር ላይ የሚሠራ ትራንዚተር፣ ክሊኒክ፣ የግል ትምህርት ቤት። እንዲህ ዓይነቱ ደንበኛ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ስማችሁን ጉግል ላይ ይጽፋል። ምንም ካላገኘ ይጠራጠራል።

ሦስት ነገር ለይታችሁ እወቁ። ዶሜን ስሙ ነው። ሆስቲንግ ፋይሉ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ ነው። ሳይቱ ራሱ ደግሞ ውስጡ ያለው ዕቃ ነው። ሦስቱም ከአንድ ሰው ሊገዙ ይችላሉ፣ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሆስቲንግ ቢጠፋ ሌላ ትከራያላችሁ። ዕቃው ቢጠፋ ባክአፕ፣ ማለትም የተቀመጠ ቅጂ፣ ካለ ይመለሳል። ስሙ ከሄደ ግን ሄደ።

ዶሜን መግዛት

ስም ስትመርጡ እኔ የምጠቀምበት ፈተና አለ። ባጃጅ ውስጥ ሆናችሁ ለሰው በስልክ ተናገሩት። ሞተሩ እየጮኸ ሰውየው አንዴ ሰምቶ በትክክል ከጻፈው ስሙ ጥሩ ነው። ሦስቴ ፊደል መቁጠር ካስፈለገ ቀይሩት። የአማርኛ ስም በላቲን ሲጻፍ ጣጣ አለው። «ቀ»ን አንዱ በኪው፣ ሌላው በኬ ይጽፋል። «ሐረር» ራሷ ሁለተኛው አናባቢ ላይ አንዱ ኤ ያደርጋል፣ ሌላው ኢ። ሁለት አጻጻፍ ያለው ስም ከወደዳችሁ ሁለቱንም ግዙና አንዱን ወደ ሌላው ምሩት። ሰረዝና ቁጥር አታስገቡ።

ዶት ኮም ወይስ ዶት ኢቲ? ዶት ኢቲ የአገራችን ነው፣ የሚያስተዳድረውም ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ደንበኛችሁ አገር ውስጥ ከሆነ እምነት ይጨምራል። ደንበኛችሁ ፈረንጅ ወይም ዳያስፖራ ከሆነ ዶት ኮም ይቀላል፤ ሰው በልማድ የሚጽፈው እሱን ነው።

ክፍያው ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። ውጭ ካለ ድርጅት ለመግዛት ለዓለም አቀፍ ክፍያ የሚሆን የባንክ ካርድ ያስፈልጋል። አንዳንድ ባንኮች ይሰጣሉ። ካርዱ ከሌላችሁ በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር ተቀብለው የሚገዙላችሁ የአገር ውስጥ ሻጮች አሉ። ምንም ችግር የለውም፣ ግን ሦስት ነገር አስረግጣችሁ ያዙ።

አንደኛ፣ ባለቤት ተብሎ የሚመዘገበው የእናንተ ስምና የእናንተ ኢሜይል ይሁን። «እኔ አስተዳድርልሃለሁ» ቢላችሁ አመስግኑና እንቢ በሉ። ማስተዳደር ሌላ፣ ባለቤትነት ሌላ።

ሁለተኛ፣ ከከፈላችሁ በኋላ እዚያው ቁጭ ብላችሁ ፈትኑት። አካውንቱ መግቢያ ላይ «ፓስወርድ ረሳሁ» የሚለውን ተጫኑ። መልእክቱ ወደ እናንተ ኢሜይል ከመጣ ሊብሬው በእናንተ ስም ነው። ሻጩ ስልክ ላይ «ቲንግ» ካለ ግን ገና አልገዛችሁም።

ሦስተኛ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ዋጋ ሳይሆን የእድሳቱን ዋጋ ጠይቁ። የመጀመሪያው ዓመት ርካሽ፣ ሁለተኛው እጥፍ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ዶት ኮም በአንድ ጊዜ እስከ 10 ዓመት መግዛት ይቻላል። እኔ ለአብዛኛው ሰው 3 ዓመት እመክራለሁ።

በራሱ የሚታደስበትን ቅንብር አብሩት፣ ግን አትመኑት። ካርዱ ላይ ገንዘብ ከሌለ እድሳቱ ዝም ብሎ ይከሽፋል። ደግሞ የቀን ነገር አለ። «03/05» የሚል ቀን ብታዩ ማርች 5 ነው ወይስ ሜይ 3? ወይስ በእኛ ኅዳር 5? አንድ ባለሱቅ «ገና ነው፣ ጊዜ አለኝ» ሲል ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አንብቦት እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። የሚያበቃበትን ቀን ወሩን በቃል፣ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉትና ስልካችሁ ላይ ሁለት ወር ቀድሞ የሚጮህ ማስታወሻ አድርጉ።

ቢያመልጣችሁስ? ወዲያው አይሸጥም። ለዶት ኮም አብዛኛው ድርጅት የተወሰኑ ሳምንታት በመደበኛው ዋጋ ያሳድሳል፤ የቀኑ ብዛት እንደ ድርጅቱ ነው። ከዚያ 30 ቀን የመዋጃ ጊዜ አለ፣ እሱ ውድ ነው። ከዚያ 5 ቀን ማንም የማይነካው ጊዜ። ከዚያ ገበያ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ሳይቱ ድንገት ከጠፋ «ኔትወርክ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ።

የተሠራ ዌብሳይት መግዛት

እዚህ ላይ ራሴ ስለተቃጠልኩ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ከጥቂት ዓመት በፊት ስለ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ጉዞ የሚጽፍ አንድ ሳይት ለሽያጭ ቀረበልኝ። ሻጩ በቴሌግራም ስክሪንሾት ላከልኝ። በወር ይሄን ያህል ሺህ ጎብኚ፣ ግራፉ ወደ ላይ የሚወጣ። አፌ ውኃ ሞላ። ተከራክሬ ዋጋ አስቀነስኩና በራሴ ተኩራራሁ። ከፈልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ግራፉ እንደ ድንጋይ ወደቀ። ጎብኚ ተብሎ የተቆጠረው በገንዘብ የተገዛ ማሽን ነበር። ሻጩ መግዛቱን ሲያቆም ጎብኚውም ቆመ።

አሁን ቀብድ ከመስጠቴ በፊት የማደርገው ይህን ነው።

ስክሪንሾት አልቀበልም። ሻጩ ጉግል አናሊቲክስ (ጎብኚ የሚቆጥረው) እና ሰርች ኮንሶል (ሳይቱ ጉግል ፍለጋ ላይ ያለበትን ሁኔታ የሚያሳየው) ላይ የማየት ፈቃድ ብቻ በኢሜይሌ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ፈቃድ መስጠት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «አልችልም» ካለ ምክንያት አለው። ፈቃዱ ሲመጣ ጎብኚው ከየት አገር እንደሚመጣ፣ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ አያለሁ። ስለ ሐረር የሚጽፍ የአማርኛ ሳይት ጎብኚው ሁሉ ከአንድ ሩቅ አገር ከሆነና ገብቶ ወዲያው ከወጣ፣ ሰው አይደለም።

ሰርች ኮንሶል ውስጥ የቅጣትና የደኅንነት ችግር የሚታይባቸው ሁለት ገጾች አሉ። ጉግል ሳይቱን ቀጥቶት ከሆነ እዚያ ይጽፈዋል። እነሱን ሳላይ አንድ ብር አልከፍልም።

ከዚያ ዌይባክ ማሽን ላይ እሄዳለሁ። የድሮ ገጾችን እያስቀመጠ የሚያቆይ ነፃ አገልግሎት ነው። አድራሻውን ስታስገቡ ሳይቱ ከ3 ዓመት በፊት ምን ይመስል እንደነበር ያሳያችኋል። መሀል ላይ የቁማር ወይም የመድኃኒት ሽያጭ ሆኖ ከነበረ ስሙ ጎድፏል ማለት ነው። የእኒያ እናት ዶሜን ዛሬ ለሽያጭ ቢወጣ፣ የሚገዛው ሰው ይህን ካላየ ጉድ ነው የሚሆነው።

ጽሑፉ የራሱ መሆኑንም አረጋግጡ። ከመሀል አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ቅዱና በትእምርተ ጥቅስ አድርጋችሁ ጉግል ላይ ፈልጉ። አምስት ሳይት ላይ ከወጣ የተቀዳ ነው።

ዋጋውስ? ገቢ ያለው ሳይት ብዙ ጊዜ የሚገመተው በወር የተጣራ ትርፉ ተባዝቶ ነው። የሁለት ዓመት፣ የሦስት ዓመት ትርፍ ያህል ሲጠየቅበት ታያላችሁ። ለእኛ አገር እኔ ሁለት ዓመትም ይበዛብኛል። የባንክ ወይም የቴሌብር ዝርዝር ያልቀረበበት ገቢ ገቢ አይደለም። ገቢ የሌለው ሳይት ከሆነ የምትከፍሉት ለስሙና ለጽሑፉ ብቻ ነው፤ «ወደፊት ይሄን ያህል ያስገባል» የሚለውን ሻጩ ራሱ ያስገባው።

ስም ማዞር። ዶሜኑን ከአንድ ድርጅት ወደ ሌላ ለማዛወር ሻጩ የዶሜኑን መቆለፊያ ይከፍትና የማዛወሪያ ኮድ ይሰጣችኋል። አዲስ የተገዛ ወይም በቅርቡ የተዛወረ ዶሜን ብዙ ጊዜ ለ60 ቀን ይቆለፋል፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ጠይቁ። ቀላሉ መንገድ ግን ሻጩ ባለበት በዚያው ድርጅት አካውንት ከፍታችሁ ወደ እናንተ አካውንት እንዲገፋው ማድረግ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ያልቃል። ቀብድ ስጡ፣ ቀሪውን ግን «ፓስወርድ ረሳሁ» የሚለውን ፈተና ካለፈ በኋላ። ውል ጻፉ፣ እንደማንኛውም ሽያጭ ምስክር አስቀምጡ። ሻጩ ሌላ ከተማ ከሆነ ሁለታችሁም የምታምኑት ሰው ገንዘቡን ይያዝ።

ብዙ ጊዜ ከሳይቱ ጋር የቴሌግራም ቻናል አብሮ ይሸጣል። አድሚን መሆን ባለቤት መሆን አይደለም። አድሚን ያደረጋችሁ ሰው ነገ ሊያወርዳችሁ ይችላል። የባለቤትነት ዝውውር የሚባል ለብቻው አለ። ለዚያ ሻጩ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ካበራ ቢያንስ 7 ቀን፣ በዚያ ስልክ ከገባ ደግሞ 24 ሰዓት ሊሞላው ይገባል። «ዛሬ ክፈል፣ በሳምንቱ አዞርልሃለሁ» የሚሉት በዚህ ቀዳዳ ነው። መልሱ «በሳምንቱ አዙርልኝ፣ ያኔ እከፍላለሁ» ነው።

ከተረከባችሁ በኋላ እዚያው ቀን ፓስወርድ ሁሉ ይቀየር፤ የዶሜኑ፣ የሆስቲንጉ፣ የሳይቱ፣ የኢሜይሉ። ተጠቃሚዎች የሚለውን ዝርዝር ክፈቱና የማታውቁትን አድሚን አጥፉ። እኔ በገዛሁት ሳይት ላይ የሻጩ ሁለተኛ አካውንት ለአምስት ወር ተቀምጦ ነበር። ምንም አላደረገበትም፣ ግን ሳየው እንቅልፍ አጣሁ።

ሆስቲንግና ግንባታ

አጭር ነው። ለጀማሪ ተራ የጋራ ሆስቲንግ፣ ማለትም ከሌሎች ሳይቶች ጋር የምትጋሩት ቦታ፣ ይበቃል። ሳይት የሚሠራበት ሶፍትዌር፣ ዎርድፕሬስ፣ ነፃ ነው፣ የሚያውቀው ባለሙያም ድሬ ውስጥ አይጠፋም። የአድራሻው መቆለፊያ ምልክት፣ ማለትም ኤስኤስኤል፣ ሌትስ ኢንክሪፕት በሚባል ድርጅት በኩል በነፃ ይገኛል። ለእሱ ብቻ በየዓመቱ ጠቀም ያለ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሻጭ ካለ ምክንያቱን አስረዳኝ በሉት።

ፎቶ ላይ ግን አትስነፉ። በስልክ የተነሳ ፎቶ 4 ወይም 5 ሜጋባይት ይሆናል። አሥር ብትጭኑ ጎብኚው ፓኬጁን ጨርሶ ገና ገጹ አይከፈትም። እያንዳንዱን ወደ 200 ኪሎባይት አካባቢ አውርዱት። ከዚያ በስልክ ክፈቱት፣ በሁለቱም ሲም። ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 የሙከራ አገልግሎቱን መጀመሪያ የጀመረው እዚሁ ድሬ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱንም ኔትወርክ የያዘ ሰው ከጎናችሁ አይጠፋም። ኮምፒውተር ላይ ብቻ አይቶ «አምሯል» የሚል ሠሪ አትቀበሉ፤ ደንበኛችሁ የሚያያችሁ በስልክ ነው።

ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ክፍያው ተሰብሮ በነፃ የሚታደል፣ ቴምፕሌት (የተዘጋጀ ዲዛይን) አትጫኑ። በነፃ የተገኘው የ60 ዶላር ዲዛይን ውስጥ ብዙ ጊዜ ሌባ የሚገባበት የኋላ በር አለ።

ማስተዳደር

ሳይት እንደ ቤት ነው፣ ካልተጠረገ አቧራ ይውጠዋል። በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። እኔ ዓርብ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ ባክአፕ። ከዚያ ዎርድፕሬሱንና ተጨማሪዎቹን ማሻሻል። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት፤ ማሻሻል አንዳንዴ ሳይቱን ይሰብረዋል። ባክአፑ ከሆስቲንጉ ውጭ፣ ጉግል ድራይቭ ላይ ወይም ፍላሽ ላይ ይኑር። ሆስቲንጉ ላይ ብቻ የተቀመጠ ባክአፕ ቤት ሲቃጠል አብሮ የሚቃጠል ካርታ ነው። በሦስት ወር አንዴ ደግሞ ባክአፑ በእርግጥ እንደሚመለስ ሞክሩት።

ከዚያ ሳይቱን እንደ እንግዳ አንብቡት። ስልክ ቁጥሩ ይሠራል? ዋጋው የዛሬ ነው? ብር ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የድሮ ዋጋ ለጥፎ መርሳት ከእንግዳ ጋር ያጣላል። ዋጋ ከጻፋችሁ ከጎኑ የተጻፈበትን ወር አስቀምጡ።

የማያስፈልጋችሁን የሰው መረጃ አትሰብስቡ። ቦታ ለመያዝ ስምና ስልክ ይበቃል፤ የፓስፖርት ፎቶ በዌብሳይት ፎርም ማስላክ ምን ያደርጋል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ያልያዛችሁት መረጃ አይሰረቅባችሁም።

ማስተዋወቅ

«በ500 ብር አሥር ሺህ ጎብኚ» ለሚላችሁ፣ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። «ጉግል ላይ አንደኛ አደርግሃለሁ» ለሚላችሁ ደግሞ፣ በየትኛው ቃል ብላችሁ ጠይቁ። የራሳችሁን ስም ሲፈልጉት አንደኛ መሆን ብርቅ አይደለም።

መጀመሪያ የጉግል ቢዝነስ ገጻችሁን ክፈቱ። ነፃ ነው፣ ካርታ ላይ ያወጣችኋል። ብዙ እንግዳ ዌብሳይታችሁን የሚያገኘው በዚያ በኩል ነው። ነጥቡን በእጃችሁ አስተካክሉ። ጁገል ውስጥ ያሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ካርታውን ያሳስቱታል። የእኒያ እናት ማረፊያ ነጥቡ ሌላ በር አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ፈረንጆቹ ሻንጣ እየጎተቱ ግንብ ዙሪያ ይዞሩ ነበር። ስልክ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ አስተካከልኩት።

ቀጥሎ የፊደል ነገር። ሰው ሲፈልግ «ሐረር» ይላል፣ «ሀረር» ይላል፣ «ሃረር» ይላል። «ድሬዳዋ» አንድ ላይ፣ «ድሬ ዳዋ» ተለያይቶ። «ፀጉር» እና «ጸጉር» የሚለያዩት ለፊደል ነው እንጂ ለጆሮ አይደለም። ጉግል አንዳንዴ አንድ መሆናቸውን ይረዳል፣ አንዳንዴ አይረዳም። ራሳችሁ ሞክሩት፣ የሚመጣው ውጤት ይለያያል። ስለዚህ ርዕሱን በአንዱ ጻፉና ሌላውን አጻጻፍ ጽሑፉ ውስጥ በተፈጥሮው አንድ ቦታ አግቡት። ሃያ ጊዜ መደርደር ግን ቅጣት ያመጣል፣ ለአንባቢም አስቀያሚ ነው።

ሦስተኛ፣ ሰው የሚጠይቀውን ጻፉ። ሰርች ኮንሶል ሰዎች ምን ጽፈው እንደመጡ ያሳያል። እኛ «ባህላዊ ማረፊያ በጁገል» ብለን ደክመን ነበር። ሰው የሚጠይቀው ግን ጅቦቹ የሚመገቡት በስንት ሰዓት ነው፣ ከድሬ ኤርፖርት ሐረር እንዴት ይደረሳል፣ የሚል ሆኖ ተገኘ። ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ጻፍን። ከድሬ ሐረር ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ እንደሚበልጥ፣ ሚኒባሱ ሲሞላ እንደሚነሳ፣ ጅቡን ለማየት ሲመሽ ከግንቡ ውጭ መውጣት እንደሚያስፈልግ። ጁገል በዩኔስኮ የተመዘገበው በ1998 መሆኑን ሁሉም ሳይት ጽፎታል። ሚኒባሱ የት እንደሚቆም ግን የጻፈ አልነበረም። ያ ገጽ ዛሬ ከመነሻ ገጹ በላይ ይነበባል።

እዚህ ከተማ ደግሞ አማርኛ ብቻውን አይበቃም። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ እንግሊዝኛ እንደ ደንበኛችሁ አንድ አንድ ገጽ ጨምሩ። በማሽን አስተርጉማችሁ አትለጥፉ፤ ጎረቤታችሁን አስነብቡት፣ ይስቃል ወይም አይስቅም።

አስተያየት ጠይቁ። እንግዳው ሒሳብ ከፍሎ ደስ ብሎት ሲወጣ፣ ያኔ ነው። በሩ ላይ ኪውአር ኮድ ለጥፉ። የውሸት አስተያየት አትግዙ፣ ያስታውቃል። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ የምትለጥፉት ሁሉ መጨረሻው ላይ ወደ ሳይታችሁ ይምራ። ማስታወቂያ መግዛት የመጨረሻው ነው፤ ይህ ሁሉ ሳይስተካከል ገንዘብ መርጨት በተሰበረ ማሰሮ ውኃ መቅዳት ነው።

ለእኒያ እናት አዲስ ስም ገዛን፣ በራሳቸው ኢሜይል። «ፓስወርድ ረሳሁ» የሚለውን የተጫኑት እሳቸው ናቸው፤ መልእክቱ ስልካቸው ላይ ሲገባ «መጣ!» ብለው እንደ ልጅ ሳቁ። የታፔላው ሠዓሊ መጥቶ «ሐረርን በኤ ልጻፈው በኢ?» ብሎ ጠየቀ። ሁለቱንም ገዝተናል፣ በፈለግከው ጻፈው አልነው። የድሮው ዶሜን ዛሬም ቁማር ነው። የሚያበቃው በመጪው ጥር ነው። ስልኬ ላይ ማስታወሻ አድርጌያለሁ፣ ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።